ስንት ወሯ ነው?

ሕመሙ የጀመረኝ ወገቤ ላይ ነው። አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ ውስጥ አንድ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ አጸዳ ነበር፤ ቫኪዩም ስገፋ የዋልኩበት ድካም መሰለኝ። ሰባተኛ ወሬን ገና መያዜ ነበር። እርግዝናው የመጀመሪያዬ ስለሆነ የቱ ሕመም የእርግዝና፣ የቱ የሥራ እንደሆነ መለየት አልችልም። ወገቤን ይዞኝ ይቆያል፣ ይለቀኛል፣ ደግሞ ይመጣል። አብራኝ የምትሠራው ሴት ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝ። ትንሽ አርፌ ስነሣ ቀሚሴ ርሶ ነበር። ሽንት ያመለጠኝ መስሎኝ አፈርኩ።

የሽርት ውኃዬ ነበር የፈሰሰው።

አምቡላንስ ተጠርቶ ሳንዲ ስፕሪንግስ ወዳለ ሆስፒታል ወሰደኝ። ከሱዳን ወደ አትላንታ ከመጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታና ከሥራ ቃል አያልፍም። ባለቤቴ ግርማ ከሚሠራበት ሆቴል እስኪደርስ ድረስ ሐኪሞቹ አንድ ነገር ይሉኛል፣ እኔ "የስ" እላለሁ። ለምኑ "የስ" እንዳልኩ አላውቅም። ግርማ ሲመጣ አንዱ ሐኪም ወደ እሱ ዞረና ምጡን በመድኃኒት ለማቆም እየሞከሩ መሆኑን ነገረው። ከሰዓታት በኋላ ያው ሐኪም ተመልሶ መጣ።

"ማቆም አልቻልንም" አለ።

ተወለደች። አላለቀሰችም። ሰዎች ተሯሯጡ። በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። ግርማ አጠገቤ ቆሟል።

"ሴት ናት" አለኝ።

"አለች?"

"ወስደዋታል።"

"አለች ወይ ነው የምልህ?"

"ወስደዋታል እኮ" አለ። እሱም የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

በማግስቱ በተሽከርካሪ ወንበር ወስደው አሳዩኝ። እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ጋውን ለብሼ ገባሁ። ኢንኩቤተር የሚሉት፣ ጎኑ ሁሉ የሚያሳይ ማሞቂያ ውስጥ ተኝታለች። ቆዳዋ ከሥሩ ደም ሥሯን ያሳያል። አፏ ውስጥ ቱቦ አለ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ የሚለው በማሽኑ ነው። ልጅ አየሁ ማለት አልችልም። ምን እንዳየሁ አልገባኝም።

እሷን የምትጠብቀው ዶሪስ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ጠና ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ጥቁር አሜሪካዊት። ሁለት ፓውንድ ከሰባት አውንስ መሆኗን ነገረችኝ። ብዙ ይሁን ትንሽ አላወቅሁም። ግርማ በግራም እንድትነግረን ጠየቃት።

"አንድ ሺህ አንድ መቶ።"

ያኔ ገባኝ። አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ክብደቱን በእጁ ያውቀዋል። ልጄ ከዚያ የምትበልጠው በመቶ ግራም ነው።

ስሟን ሜሮን አልናት።

ከዚያ ቀነሰች። በየቀኑ ስንጠይቅ ቁጥሩ ወደ ታች ይሄዳል፤ አንድ ቀን ጭራሽ ከኪሎ በታች ሆነች። ሰው ሆስፒታል ተኝቶ፣ ይኸን ሁሉ ሐኪም ከብቦት እንዴት ይቀንሳል? ግርማን ጠይቅልኝ አልኩት። ሐኪሙ፣ "ሁሉም መጀመሪያ ይቀንሳሉ፤ የሚወጣው ውኃ ነው" አለ። ከዚያም "ስቴብል ናት" አለ። ግርማ ቃሉን "የተረጋጋች" ብሎ ተረጎመልኝ። ደስ አለኝ። በማግስቱ፣ በዚያው ሰሞን ከአፏ አውጥተውት የነበረውን ቱቦ መልሰው አስገቡባት። የተረጋጋች ማለት ደህና ናት ማለት እንዳልሆነ ቀስ ብዬ ነው የተማርኩት። በዚያ ክፍል አንድ ቃል ከጠዋት እስከ ማታ ትርጉሙን አይጠብቅልኝም ነበር።

አፕኒያ የሚሉትም ነበረ። መተንፈስ ትረሳለች። ሞኒተሩ ይጮኻል። ከንፈሯ ይጠቁራል። ዶሪስ እጇን አስገብታ የሜሮንን ውስጥ እግር በጣቷ ነካ ታደርጋለች። ትተነፍሳለች። ዶሪስ ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። እኔ ግድግዳውን እይዛለሁ።

"አንጎሏ ገና ስላልበሰለ ነው፤ ይተዋታል" አለችኝ ስታየኝ፤ ግርማ ተረጎመልኝ።

"መቼ?"

"እሷ ስትፈልግ፣ ሃኒ።"

ወተቴን በማሽን እያለብኩ እወስዳለሁ፤ እነሱ በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ በጠብታ ይሰጧታል። አንድ ቀን ጨመርን ይላሉ፤ በሚቀጥለው ቀን ሆዷ ተነፋ ብለው ምግቡን ያቆማሉ። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ አትላንታን ከዳር እስከ ዳር የሚያለብሰው የጥድ ብናኝ ከመኪኖቹ ላይ ሳይጠፋ፣ የተወለደችበትን ክብደት መልሳ አገኘች። ግርማ ለዶሪስ፣ "ታዲያ አሁን ገና ተወለደች ማለት ነው?" አላት። እየቀለደ አልነበረም።

በዚያው ሜሮን በተወለደችበት ሳምንት፣ ክላርክስተን አፓርታማችን ውስጥ በር ለበር የምንኖር ጓደኛዬ አልማዝ ወለደች። አልማዝና እኔ ከካርቱም ጀምሮ እንተዋወቃለን። እርግዝናዋ ከእኔ በሁለት ወር ተኩል ይቀድማል፤ የእሷ ልጅ ልብስ ሲጠበው ለእኔ ሊደርስ ተነጋግረን ነበር። እሷ በጊዜዋ ወለደች፣ እኔ ያለ ጊዜዬ። ስለዚህ የእሷ ዮናስና የእኔ ሜሮን እኩያ ሆኑ። እኩያ የሚለው ቃል ራሱ ግራ ያጋባኝ ነበር። ዮናስ ሲወለድ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ነበር። አልማዝ በር ከፍታ ስታየኝ እጄ ላይ ያለው የወተት ጠርሙስ ነው፤ እሷ እጅ ላይ ያለው ልጅ ነው።

ሜሮን ከማሽን ወጥታ፣ ሳታቋርጥ መተንፈስና መጥባት ስትጀምር ዶሪስ "አሁን ፊደር ኤንድ ግሮወር ሆናለች" አለችን። ግርማ ማታ መዝገበ ቃላቱን አገላበጠ። የሚያበላ፣ የሚያሳድግ፣ አብቃይ ገበሬ የሚል ነው ያገኘው። በማግስቱ ስንጠይቃት ዶሪስ ሳቀች፤ ከእንግዲህ መብላትና ማደግ ብቻ ነው ሥራዋ ማለቷ ነበር።

ትወለዳለች ከተባለበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሁለት ኪሎ ካለፈች በኋላ፣ ወደ ቤት እንድንወስዳት ሰጡን። ደረቷ ላይ የሚታሰር የአፕኒያ ሞኒተር አብሮ መጣ። ቤቱ በጩኸቱ ተሞላ። አብዛኛው ጩኸት ሽቦው ላልቶ ነው፤ ግን የትኛው ሽቦ፣ የትኛው እሷ እንደሆነች ለማወቅ በየጊዜው እየሮጥን እናያታለን።

የክርስትናዋም ነገር ነበረ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሣው። ሰማንያውን ከየት እንቁጠር? በዚያን ጊዜ ቄስ ከሌላ ከተማ ነበር የሚመጣልን፤ ግርማ ስልክ ደውሎ ጠየቃቸው። "ልጄ፣ ከተወለደች እንጂ ሌላ ከምን ይቆጠራል?" አሉት። ልክ ናቸው። ሐኪሞቹ ደግሞ ገና አልተወለደችም ብለው ነው የሚቆጥሩት። እነሱም ልክ ናቸው። ስትጠመቅ ሐኪሞቹ ትወለድበታለች ካሉት ቀን ጋር ሊገጥም ሁለት ሦስት ቀን ቢቀረው ነው።

በክርስትናው ቀን የአልማዝ አክስት እትዬ ሙሉ ልጄን ታቀፏት። ብዙ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው።

"ስንት ወሯ ነው?" አሉኝ።

"ሦስት ወር ሊሆናት ነው፣ እትዬ።"

ዮናስን አዩት። ዮናስ ባጠገባቸው አንገቱን አቅንቶ ሰው እያየ ይስቃል።

"ሐኪሞቹ ግን ገና ዜሮ ነው የሚሉት" አልኩ።

"ዜሮ ምንድን ነው?"

"እኔም እንጃ፣ እትዬ።"

በዚያ ሰሞን አልማዝ መምጣት ቀነሰች። ብትመጣም ዮናስን ለእትዬ ሙሉ ትታ ብቻዋን ነው። በሩ ላይ ቆማ "ደህና ናችሁ?" ብላ ትመለሳለች። ልጄን ፈራቻት ብዬ አሰብኩ። ወይም ሞኒተሩን። ወይም ደግሞ ይህች ልጅ አትተርፍም ብላ ይሆናል። አልጠየቅኋትም።

ሜሮን ግን መብላት ያዘች። ጉንጯ አልሞላም፣ እግሯ ቀጭን ነው፤ ቢሆንም ክሊኒክ በሄድን ቁጥር ቁጥሩ ወደ ላይ ነው። ደስታችን ገና መጀመሩ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ሙቀቱ ትንፋሽ በሚያሳጣበት ሰሞን፣ እትዬ ሙሉ ሊጠይቁን መጡና ሜሮንን ትንሽ ሲያዩ ቆዩ።

"አትቀየሚኝ፣ ልጄ። ራሷ ብቻውን አላደገም?"

አልተቀየምኳቸውም። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከራሷ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ዓርብ ቀጠሮ ነበረን። የክሊኒኩ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ሜትሯን አውጥታ የሜሮንን ራስ ለካች። ወደ ሠንጠረዡ ሄደች። ተመልሳ ለካች። ሦስተኛ ለካች።

"ታስመልሳለች?"

"አታስመልስም።"

"ብዙ ትተኛለች? ዐይኗ ወደ ታች ወርዶ ይቀራል?"

አላውቅም። ሁሉም ልጅ ይተኛል። ግርማን አየሁት። እሱም አያውቅም።

"የራሷ ዙሪያ ከሌላው አካሏ በጣም ፈጥኗል" አለች።

ለብዙ ወራት እደጊ እያልኩ የለመንኳት ልጅ ናት። "ማደጉ ጥሩ አይደለም?" በልልኝ አልኩት ግርማን።

"ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ላይሆንም ይችላል" አለች ሐኪሟ። ቀጥላም ሃይድሮሴፋለስ ስለሚባል ነገር ነገረችን። አንጎል ውስጥ የሚዘዋወር ፈሳሽ አለ፤ መውጫው ከተዘጋ ይጠራቀማል፣ ራስ ያብጣል። ከሆነ በቀዶ ጥገና ሸንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባል። "በመጀመሪያው ሳምንት ራሷ ውስጥ ትንሽ ደም ፈሶ ስለነበር ማረጋገጥ አለብኝ። ሰኞ አልትራሳውንድ እናደርጋለን። እስከዚያ ካስመለሳት ወይም ከፈዘዘች ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ኢመርጀንሲ አምጧት።"

ግርማ ይህን ሲተረጉም አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ቀነሰ። ደሙ ላይ።

መኪና ውስጥ ጠየቅሁት። "የደሙን ነገር ታውቅ ነበር?"

"ነግረውኝ ነበር። ትንሽ ነው አሉ፣ በራሱ ይጠፋል አሉ። አንቺ ገና ከአልጋ አልተነሣሽም ነበር። ኋላ ደግሞ ስትሻላት ተውኩት።"

ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለይቼ አላውቅም። እሱም መንገዱን ስቶ የማናውቀው ሰፈር ገባን። አንድ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አድርጎ ጠይቆ ነው ወደ ቤት የተመለስነው።

ቅዳሜ እርግብግቢቷን በጣቴ ስዳብስ ዋልኩ። አበጠ። አላበጠም። ስታለቅስ ከፍ ይላል። ዝም ስትል ዝቅ ይላል። ትናንት እንዴት ነበር? አላስታውስም። ተኛች። ለምን ተኛች? ቀሰቀስኳት። አለቀሰች። ደስ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ለማጠብ ወርጄ ማሽኑ አጠገብ አልማዝን አገኘኋት። የሆነውን ነገርኳት። ቅርጫቱን አስቀመጠች።

"ለምን አልጠራሽኝም፣ አስቱ?"

"መምጣት ተውሽ እኮ። ልጄን የፈራሻት መስሎኝ።"

"ምኗን ነው የምፈራው?" አለችኝ። ዐይኗ እንባ ሞላ። "ዮናስን ይዤ ስመጣ ዐይንሽ እሱ ላይ ይቀራል። ስሄድ ፊትሽ ጠቁሮ ነው የምተውሽ። እንዳላሳምምሽ ብዬ ነው።"

ሁለታችንም ለሌላው አዝነን ነው በር የዘጋነው። ያን ዕለት ልጇን ይዛ መጣች። ዮናስን ሜሮን አጠገብ አስተኛችው። እሱ ተገልብጦ በሆዱ ሆነ፣ እጁን ዘርግቶ የሜሮንን ጆሮ ያዘ። ሜሮን ዞራ አየችው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ያስፈራኝ የነበረውን ያህል አላስፈራኝም። አልማዝ እሑድንም ከእኛ ጋር ዋለች።

ሰኞ ባለሙያዋ እርግብግቢቷ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ መሣሪያውን አሳረፈችበት። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጥላ አየሁ። የቱ አንጎል፣ የቱ ውኃ እንደሆነ አላውቅም። የባለሙያዋን ፊት አየሁ። እሷ ስክሪኑን ብቻ ነው የምታየው። ወጥተን ጠበቅን። ሐኪሟ ራሷ መጥታ ጠራችን።

"የተጠራቀመ ፈሳሽ የለም" አለች። "የድሮው ደምም ጠፍቷል። ራሷ ያደገው አንጎሏ ስላደገ ነው። ካች አፕ ነው።"

እኔ የሰማሁት ካቻፕ ነው። የቲማቲሙን። ግርማን "ድንች ላይ የሚደረገው? ምን አድርጊ እያለችኝ ነው? እሱን ላብላት?" አልኩት። ግርማ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረበት። ሐኪሟ ግራ ገባት። ሲነግራት እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠችና በቀላል እንግሊዝኛ፣ ለእኔ፣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ሮጦ ሌሎቹ ላይ ሲደርስ ካች አፕ ይባላል። ሜሮን የሆድ ውስጥ ጊዜዋ አምልጧታል፤ አሁን እየሮጠች ነው። ብዙ ጊዜ ራስ ይቀድማል፣ ክብደት ይከተላል፣ ቁመት ደግሞ በራሱ ጊዜ ይመጣል። "ራሷን መለካት አናቆምም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜዋን ሁለት አድርጋችሁ ያዙ" አለችን፤ "አንዱ ከተወለደችበት፣ ሌላው መወለድ ከነበረባት ቀን። እድገቷን የምንመዝነው በሁለተኛው ነው።"

እትዬ ሙሉን ዜሮ ምን እንደሆነ ያስረዳኋቸው ያን ቀን ማታ ነው። "ታዲያ ይኸንን መጀመሪያ አይነግሩሽም?" አሉኝ። ምናልባት ነግረውኝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚነገረኝ ሁሉ ጆሮዬ ጋ ደርሶ የሚመለስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ስናገረው ይረዝማል፣ ስኖረው ግን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ መፀው ሲገባ ጉንጯ ሞላ፣ ሞኒተሩን መለስን፣ በገና ሰሞን ትራስ ተደግፋ መቀመጥ ጀመረች፣ ዮናስ እየዳኸ ሲዞራት እሷ በዐይኗ ትከተለዋለች። አውቶቡስ ውስጥ ሰው "ስንት ወሯ ነው?" ሲለኝ እንደ ጠያቂው ፊት አንዱን ዕድሜ መርጬ እነግራለሁ። ዮናስ የመጀመሪያ ልደቱን በእግሩ ቆሞ ሲያከብር ሜሮን የራሷን ልደት እዚያው ምንጣፍ ላይ በደረቷ እየተሳበች አከበረች። የተራመደችው እሱ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከሶፋው ተነሥታ ሦስት እርምጃ ሄዳ አልማዝ እግር ሥር ወደቀች፣ አልማዝ እልል አለች። ሁለት ዓመት አልፏት ክሊኒክ ስንሄድ ያቺው ሐኪም ለክታ ስትጨርስ "ከእንግዲህ አንድ ዕድሜ ይበቃታል" አለችን። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም ስቆጥር ኖርኩ።

አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። በክፍሏ ካሉት አጭር ናት፣ መነጽር ታደርጋለች፣ ብርድ ሲሆን ደረቷን ያፍናታል። የደረሰችበት አለ፣ ያልደረሰችበትም አለ። ከሁሉ በላይ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎ ዶሪስን፣ ወንበር ስባ ከፊቴ የተቀመጠችውን ሐኪም፣ አልማዝንና ያዩትን ሳይደብቁ የነገሩኝን እትዬ ሙሉን አመሰግናለሁ። ግርማንም፤ የተሸከመውን ብቻውን መሸከሙ ቢያናድደኝም፣ ሸክም መሆኑን ኋላ ተረድቻለሁ።

ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ላላችሁ የምለው ጥቂት ነው። ያልገባችሁን "የስ" አትበሉ፤ ሐኪሙ ሦስቴ ቢደግመው አይሞትም። በሚገባችሁ መለኪያ ይንገሯችሁ፤ ኪሎ ካወቃችሁ በኪሎ። መጀመሪያ መቀነሱ አያስደንግጣችሁ። ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጭምር ቁጠሩ። ራሱን ግን አስለኩ፣ ቀጠሮ አትዝለሉ፤ የእኛ በደህና አለፈ እንጂ ደህና ያልሆነላቸውንም አውቃለሁ፣ ቶሎ ስለታወቀ ነው የዳኑት። ባልና ሚስት የሚነገራችሁን እኩል ስሙ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ሴት ስልኬን ከሰው ተቀብላ ደወለችልኝ። ወንድ ልጇ እኛ በነበርንበት ሆስፒታል ገና ኢንኩቤተር ውስጥ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ቀነሰ አሏት።

"መቼ ነው የሚያድገው?" አለችኝ።

ለሰባት ዓመት ያህል ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ የኖርኩ ሴት ነኝ።

"እኔም አላውቅም፣ እህቴ" አልኳት። "የትኛው ፎቅ ላይ ናችሁ? ነገ ምሳ ይዤ እመጣለሁ።"